አማተር ማን ነው? የቬስፐር የጀልባ ክለብ ታሪክና የአባልነት ጥያቄ

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባ መቅዘፍ የዕለት እንጀራ ማግኛ ነው። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ለመጣልና ለማንሣት ይቀዝፋል፤ ባለጀልባው ደግሞ ጎብኚዎችን ለማንሸራሸር። በሌላው ዓለም ግን ቀዘፋ የከተማ የግል ክለቦች ስፖርት ከሆነ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ተቆጥሯል። ሥራው ስፖርት ሲሆን ሠራተኛው የት ደረሰ? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ በሚገኘው የቬስፐር ክለብ ታሪክ በኩል ይመለከታል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ውድድሩን የጀመሩት ሠራተኞቹ ነበሩ። በለንደን ቴምዝ ወንዝ ላይ ሰው በማሻገር ለሚተዳደሩ ወጣት ቀዛፊዎች ቶማስ ዶጌት የተባለ ተዋናይ በ1715 ያቋቋመው ውድድር ዛሬም ይካሄዳል። የባለጸጎቹ ክለቦች የመጡት ከመቶ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ታዋቂው የሄንሊ ውድድር የተጀመረውም በ1839 ነው። ክለብ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። የውድድር ጀልባ ውድ ነው፤ ስምንት ቀዛፊ የሚይዘው 17 ሜትር ያህል ስለሚረዝም ከውሃው አጠገብ ማደሪያ ቤት ይፈልጋል። ስለሆነም አባላቱ፣ ዕድርተኛ ድንኳኑንና ወንበሩን በመዋጮ እንደሚገዛ ሁሉ፣ ጀልባውንና ቤቱን በጋራ ያዙ።

መዋጮ ያለበት ማኅበር ማን አባል ይሁን ማለቱ አይቀርም። በ1879 የሄንሊ አዘጋጆች በጀልባ ሥራ ገንዘብ ያገኘ፣ ወይም መካኒክ፣ የእጅ ባለሙያ አሊያም የጉልበት ሠራተኛ ሆኖ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው አማተር ሊባል አይችልም ሲሉ ደነገጉ። ደንቡ ወደ እኛ ቢመጣ የአሞራ ገደሉ ቀዛፊ፣ ከቱላ ገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማ እየወጣ በግንባታ ላይ የሚውለው የቀን ሠራተኛም ከውድድሩ ውጭ በሆኑ ነበር።

ቬስፐር በስኩልኪል ወንዝ ዳርቻ የተመሠረተው በ1865 ነው። ክለቡ በ1900 እና በ1904 ኦሎምፒክ በስምንት ቀዛፊ ጀልባ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በ1905 ወደ ሄንሊ ሲሄድ ግን የጉዞው ወጪ ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ መሸፈኑ ታወቀና በሚቀጥለው ዓመት አዘጋጆቹ ክለቡን አገዱት። የእገዳው ዳፋ በ1920 ለክለቡ አባል ለጆን ኬሊ ተረፈ። ኬሊ ሙያው ግንበኝነት ነበር። ለሄንሊ ያቀረበው ምዝገባ ውድቅ ሲደረግ ብዙዎች ምክንያቱ ግንበኛነቱ ብቻ እንደ ሆነ አድርገው ተረኩት፤ የአዘጋጆቹ ቃለ ጉባኤ ግን ሁለቱንም፣ የክለቡን እገዳና የጉልበት ሥራውን፣ ያነሣል። ሁለቱ ምክንያቶች በመሠረቱ አንድ ይመስሉኛል፤ ሁለቱም ለመቅዘፍ የሌላ ሰው ገንዘብ የሚያስፈልገውን ሰው ያርቃሉ። በዚያው ዓመት በቤልጅየም በተካሄደው ኦሎምፒክ ኬሊ እንግሊዛዊውን ጃክ ቤርስፎርድን በአንድ ሰከንድ ልዩነት ቀድሞ ወርቅ ወሰደ፤ በዚያው ዕለት ከአጎቱ ልጅ ጋር በሁለት ቀዛፊ ጀልባ ሁለተኛውን ደገመ።

በ1936 ወደ በርሊን ኦሎምፒክ ያቀና የነበረው የአውስትራሊያ ቡድን ቀዛፊዎቹ ፖሊሶች በመሆናቸው ከሄንሊ ተከለከለ። የተነሣው ቁጣ በርትቶ የጉልበት ሠራተኞችን የሚያገልለው ሐረግ በ1937 ተሰረዘ። የኬሊ ልጅም በ1947 አባቱ በተከለከለበት ውድድር አሸነፈ። ሴቶች ግን ገና በር ላይ ነበሩ፤ በፊላዴልፊያ በ1938 የራሳቸውን ክለብ እስከ ማቋቋም ደርሰዋል።

የሐዋሳ ሐይቅ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለዓለም አቀፉ የ2000 ሜትር መስመር ቦታ አያጣም። ክለብ ይመሥረት ከተባለ ውይይቱ በጀልባ ዋጋ ላይ ማተኮሩ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን የወር መዋጮው ስንት ይሁን፣ ልምምዱስ ዓሣ አጥማጁ መረቡን በሚያነሣበት በማለዳው ሰዓት ይሁን ወይስ በሌላ ጊዜ የሚለው ከዋጋው በፊት ሊወሰን የሚገባው ነው።