ማዮማና የመውለድ ተስፋ

ማዮማ ከማህፀን ጡንቻ የሚነሳ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች ዘንድ እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ አብዛኛዎቹ ሴቶች ምንም ምልክት አይታይባቸውም። ሆኖም ገና ያልወለደች ሴት «ዕጢ አለብሽ» ስትባል ብዙ ጊዜ የሚታሰባት የማህፀኗ መውጣት ነው። ስለዚህ ባለሙያው የሚሰጣት የመጀመሪያ ማብራሪያ ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

የዕጢው ቦታ

በመፀነስ ላይ ለሚኖረው ተጽዕኖ ከመጠኑ ይልቅ ቦታው ይወስናል። ወደ ማህፀን ክፍተት የገባ ዕጢ (ሰብሚውከስ) ጽንስ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ ውርጃንም ያበዛል። ይህ ዓይነቱ በሂስተሮስኮፒ፣ ሆድ ሳይከፈት፣ በማህፀን በር በኩል ቢወገድ ይመረጣል። ወደ ውጭ ያደገው (ሰብሰረስ) መፀነስን እምብዛም አያውክም። በጡንቻው ውስጥ የተቀበረው (ኢንትራሙራል) ግን አከራካሪ ነው፤ ክፍተቱን ካላዛባና ምልክት ከሌለው፣ ቀዶ ሕክምና የመፀነስን ዕድል ስለማሻሻሉ በቂ ማስረጃ የለም።

ዕጢ ተገኘ ማለት የመካንነቱ ምክንያት ታወቀ ማለት አይደለም። የእንቁላል መውጣት፣ የማህፀን ቱቦዎችና የባል የዘር ፈሳሽ አስቀድመው ሊመረመሩ ይገባል።

የመድኃኒት ድርሻ

ትራኔክሳሚክ አሲድ የወር አበባን መብዛት ይቀንሳል፤ አይረን የደም ማነስን ያርማል። የጂ.ኤን.አር.ኤች. አጎኒስት መርፌዎች ዕጢውን ቢያሳንሱም እንቁላል እንዳይወጣ ስለሚያግዱና ሲቆሙ ዕጢው ተመልሶ ስለሚያድግ፣ የሚያገለግሉት ከቀዶ ሕክምና በፊት ለማዘጋጀት ነው። የዩሊፕሪስታል አጠቃቀም በ2020 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ በከባድ የጉበት ጉዳት ስጋት ተገድቧል። የማህፀን ደም ቧንቧን መድፈን (ኢምቦላይዜሽን) መውለድ ለምትሻ ሴት የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

ማዮሜክቶሚ

ማዮሜክቶሚ ማህፀኑን ትቶ ዕጢውን ብቻ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና ነው። አስቀድሞ የደም ማነስ መታከምና ደም መዘጋጀት አለበት። አልፎ አልፎ ሊቆም ያልቻለ ደም ማህፀንን እስከማውጣት ሊያደርስ እንደሚችል፣ ዕጢውም ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ታካሚዋ ከመፈረሟ በፊት ልትረዳ ይገባል።

ጠባሳው እስኪጠና ለጥቂት ወራት እርግዝናን ማዘግየት ይመከራል። ክፍተቱ ተከፍቶ ወይም ቁስሉ ጥልቅ ከነበረ ማህፀን በምጥ ወቅት ሊቀደድ ስለሚችል፣ ምጥ ሳይጀምር በቀዶ ጥገና መውለድ ይታሰባል። ስለሆነም የዕጢዎቹ ቁጥርና ቦታ፣ ክፍተቱ መከፈት አለመከፈቱና ስለ አወላለዱ የተሰጠው ምክር በጽሑፍ ሰፍሮ በታካሚዋ እጅ መሆን አለበት። ከዓመታት በኋላ በጤና ጣቢያ ያለች አዋላጅ ነርስ የሆድ ጠባሳ ያላትን ምጥ የያዛት እናት ስትቀበል፣ በጊዜ ሪፈር እንድትል የሚያደርጋት ያ ወረቀት ነው።