ቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር የዋልንባት ቅዳሜ

በከተማ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ በመዝገብና በደብዳቤ መካከል ሰንብቶ ቅዳሜ ሲደርስ፣ ልጆቹ «ዛሬስ ወዴት እንሄዳለን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እኛም ይህንኑ ጥያቄ «ለሚመጣው ሳምንት» እያልን ስናሳድረው ብዙ ጊዜ ቆየን። በመጨረሻ ግን በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ በአንዲት ቅዳሜ ማለዳ፣ ባለቤታችንን፣ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃችንንና የአምስት ዓመት ሴት ልጃችንን እንዲሁም ሊጠይቁን ከትግራይ የመጡትን እናታችንን ይዘን ወደ ቢሾፍቱ ጉዞ ጀመርን። ባለቤታችን እንጀራውንና ዶሮ ወጡን በአገልግል አሰናድታ ነበር። እናታችንም «ያለ ሕምባሻ መንገድ አይወጣም» ብለው ሌሊት ተነሥተው ስለ ጋገሩ፣ መኪናው ገና ከሰፈራችን ሳይወጣ በትኩስ ዳቦ ሽታ ተሞላ።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ ለቸኮለ ሰው ምቹ ነው። እኛ ግን ልጆቹ አገር እንዲያዩ ብለን በአቃቂና በዱከም የሚያልፈውን የቀድሞውን መንገድ መረጥን። ክረምቱ ከወጣ ብዙ ቀን ስላልሆነ፣ በነጭ ጤፉ ስሙ የታወቀው የአድኣ ምድር እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ተዘርግቶ ጠበቀን። በስተ ግራችን የረር፣ በስተ ቀኛችን በሩቁ ዝቋላ ተራራ ይታይ ነበር። ከፍታው 3,000 ሜትር ያህል የሆነው ዝቋላ በአናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት መሆኑን ለእናታችን በነገርናቸው ጊዜ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በስም ብቻ ያውቁት የነበረውን ተራራ በዐይናቸው ስላዩት መኪናውን አስቁመው ወረዱና አማተቡ።

ከተማይቱ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ደብረ ዘይት ተብላ ስትጠራ ቆይታ፣ ኋላ ወደ ጥንት ስሟ ወደ ቢሾፍቱ ተመልሳለች። ዛሬም በሁለቱም ስም የሚጠራት ሰው አይጠፋም። በመጀመሪያ የጎበኘነው ከተማይቱ ስሟን የምትጋራውን የቢሾፍቱን ሐይቅ ነው። ሐይቁ ከመንገድ አይታይም። ሰው በቤቶቹ መካከል ሄዶ ሄዶ ድንገት ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ፣ ውኃው ከበታቹ በትልቅ ገበቴ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ሆኖ ይታየዋል።

ወንዱ ልጃችን ቁልቁል አይቶ «አባባ፣ ይህን ጉድጓድ ማን ቆፈረው?» ሲል ጠየቀን። በትምህርት ቤት የተማርነውን እያስታወስን እንዲህ ስንል አስረዳነው። ከምድር ሆድ ወደ ላይ የሚወጣ የቀለጠ ድንጋይ በመሬት ውስጥ ካለው ውኃ ጋራ ሲገናኝ፣ ውኃው ባንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱም መውጫ ሲያጣ ምድሩን በታላቅ ኀይል ሰንጥቆ ይፈነዳል። ፍንዳታው የተወው ጉድጓድ በዝናብና ከመሬት በሚመነጭ ውኃ ሲሞላ ሐይቅ ይሆናል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ 87 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ የሃያ ፎቅ ቤት ቢሰጥምበት እንኳ አናቱ አይታይም። ልጁም ይህን ሰምቶ ጥቂት ዝም አለና ከአፋፉ አንድ እርምጃ ራቀ። እኛም እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ አይተን ደስ አለን። ይሁን እንጂ ያን ዕለት ጥንቃቄ የጎደለው በልጁ ዘንድ ሳይሆን በእኛ ዘንድ መሆኑን ያወቅነው ከቀትር በኋላ ነው።

ቀጥለን የሄድንበት ሆራ አርሰዲ የሚባለው ሐይቅ ጥልቀቱ 38 ሜትር ያህል ነው። በየዓመቱ ከመስቀል በዓል በኋላ በሚውለው እሑድ፣ እጅግ ብዙ የኦሮሞ ሕዝብ የኢሬቻን በዓል ለማክበር ወደዚህ ይመጣል። ክረምቱን በሰላም ላሳለፈው ፈጣሪ ምስጋና የሚያቀርበው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ፣ ሣሩን በውኃው እየነከረ ነው። እኛ በደረስን ጊዜ በዓሉ አልፎ ስለ ነበር፣ ዳርቻው ጸጥ ብሎ የወፎች ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

ምሳችንን የበላነው ከሆራ አለፍ ብሎ በሚገኘው በባቦጋያ ሐይቅ ዳር ነው። ሣሩ እስከ ውኃው ከንፈር ድረስ ወርዷል፤ ውኃውም የተኛ ይመስላል። አገልግሉ ተከፍቶ ሁላችንም ጠግበን ከበላን በኋላ፣ ባለቤታችን ቡና ልታፈላ ከሰሉን ማራገብ ጀመረች። ወንዱ ልጅ ጠጠር እየወረወረ ሲጫወት፣ ትንሿ ልጃችን ደግሞ እጇን ልትታጠብ ወደ ውኃው ወረደች። ለመታጠብ ነው ብለን ዝም አልናት።

በዚህ ጊዜ ከበላያችን ካለው ዳገት፣ ላሞች የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ዱባቲ! ዱባቲ!» እያሉ ጮኹ። ወንዱ ልጃችን ሣቀና «አባባ፣ ሰውየው ዱባ ይሸጣሉ መሰለኝ!» አለን። እኛም፣ እውነቱን መናገር ይገባናልና፣ ፈገግ ብለን «አንገዛም» ለማለት እጃችንን አወዛወዝን። እናታችን ግን የያዙትን ስኒ ጥለው፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ። ደርሰውም የልጅቱን ቀሚስ ከኋላ ጨምድደው ሲይዙ፣ የቆመችበት ሣር ከሥሯ ተንዶ አንድ እግሯ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጎትተው አወጧት። የአንድ እግር ጫማዋ ወልቆ ሲሰጥም አየነው፤ ወዲያውም ከዐይናችን ተሰወረ። ከዳር እስከ ሰጠመበት ቦታ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም ነበር።

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ወረዱ። «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አባታችን» ብለን እጅ ነሣናቸውና፣ የተናገሩት እንዳልገባን በኀፍረት ገለጥንላቸው። እርሳቸውም በደኅና አማርኛ፦

«ልጄ፣ አማርኛውንስ አውቀዋለሁ፤ ገበያም እገበያይበታለሁ፣ ቢሮም እከራከርበታለሁ። ነገር ግን ሰው ሲደነግጥ አፉ ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። ዱባቲ ማለት ወደ ኋላ ማለት ነው። ይህ ውኃ እንደ ወንዝ ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ አንዱ እርምጃ ሣር ነው፣ ሁለተኛው ገደል ነው» አሉን።

እኛ የባቦጋያ ጥልቀት 65 ሜትር ያህል መሆኑን ከመጽሐፍ አንብበን እናውቅ ነበር። ገደሉ ከልጃችን እግር ሥር እንደሚጀምር ግን አላሰብንም። በፍንዳታ የተፈጠረ ጉድጓድ ግድግዳው ቀጥ ያለ መሆኑን በማለዳ ለልጃችን ያስተማርን እኛው ነበርን።

ወደ እናታችን ዞረን «እርስዎስ ኦሮምኛ ሳያውቁ እንዴት ገባዎት?» ብለን ጠየቅናቸው። እጃቸው ገና እየተንቀጠቀጠ፣ ልጅቱንም ሳይለቁ፣ «ቃሉን መቼ ሰማሁት? የሰማሁት ድምፁን ነው። ወደይ፣ ዱባ የሚሸጥ ሰው እንዲያ አይጮኽም» አሉን።

ሽማግሌው ቡና እንዲጠጡ ለምነናቸው ተቀመጡ። እናታችን የሚችሉት ጥቂት አማርኛ ቢሆንም፣ ለሽማግሌውም ለእርሳቸውም ባዕድ በሆነው በዚሁ ቋንቋ ሁለቱ ሲጨዋወቱ መስማት ደስ ያሰኝ ነበር። ሽማግሌው «ሆራ» ማለት ጨውነት ያለው፣ ከብት የሚወደው ውኃ ማለት መሆኑን ሲነግሯቸው፣ እናታችን «የእኛው ማይ ጨው ነዋ!» ብለው ተደሰቱ። «ማይ» በትግርኛ ውኃ ስለ ሆነ፣ የማይ ጨው ከተማ ስም ትርጕሙ የጨው ውኃ ነው። ከከተማይቱ ወጣ ብሎ የሚገኘውን፣ በካርታ ላይ «አረንጓዴ» ተብሎ የተጻፈውን ሐይቅም ባላገሩ «ሆራ ሀዶ» እንደሚለው ነገሩን። ውኃው የሚያረነጕደው ሶዳ በበዛበት ውኃ የሚራቡ፣ በዐይን የማይታዩ ደቃቅ ነፍሳት ስለሚሞሉት ነው። እነዚህኑ ነፍሳት ቀዩ ረዥም እግር ወፍ፣ ፍላሚንጎ፣ ይመገባቸዋል።

ደግሞም ሌሊቱ እጅግ በሚበርድባቸው ወራት አንዳንድ ቀን ዓሣ ሞቶ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ እንደሚያድር አጫወቱን። ይህም ምክንያት አለው። የላይኛው ውኃ ሲቀዘቅዝ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለመተንፈሻ የሚሆን አየር የሌለው የታችኛው ውኃም ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓሣውም ታፍኖ ያልቃል። ወንዱ ልጃችን ይህን ሲሰማ በእጁ የያዘውን ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ሐይቁ ሊወረውር ቃጥቶ ነበርና፣ ሽማግሌው ክንዱን ያዝ አድርገው «ይህ ውኃ መግቢያ እንጂ መውጫ በር የለውም። የጣልህበትን ሁሉ ለልጅ ልጅህ ያስቀምጠዋል» አሉት። ልጁም ጠርሙሱን ወደ አገልግሉ መለሰ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ በተለይም አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ የሥራ ባልደረቦቻችን ሆይ! እኛም አማርኛን የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ነው እንጂ በእናታችን ጕያ አይደለም። ግሱን እየረባን፣ ፊደሉን እየቆጠርን በድካም ስለ ተማርነው፣ አንድ ጊዜ ካወቅነው በኋላ አገሩን ሁሉ የሰማን ይመስለን ነበር። አማርኛ ሽማግሌውንና እናታችንን በአንድ ቡና ላይ አገናኝቷልና ድካማችን ከንቱ አልነበረም፤ የእናንተም ከንቱ አይሆንም። ነገር ግን ሰው በሰላም ጊዜ የሚናገርበትና በጭንቅ ጊዜ የሚጮኽበት ቋንቋ አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ሠራተኛ ወደ ተመደበበት አገር ሲሄድ ከሰላምታው ቀጥሎ፣ የአገሩ ሰው ልጁን ከአደጋ የሚመልስበትን ቃል ይማር። ቃሉን ገና ካልተማረ ደግሞ፣ ሰው ሲጮኽ ሰምቶ አይሣቅ፤ ተነሥቶ ይሩጥ።

ወደነዚህ ሐይቆች ከልጆቻችሁ ጋራ ለመሄድ ያሰባችሁ ሁሉ ሂዱ፤ ከከተማ ሳይርቁ እንዲህ ያለ ውበት ማየት መታደል ነው። ሆኖም ሕፃናት እጃቸውን የሚታጠቡበትን ውኃ ከቤት በጄሪካን ያዙ፤ ከሐይቁ ዳር ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ከመቀመጣችሁም በፊት በአቅራቢያው ያለውን ባላገር ሰላም ብላችሁ ስለ ቦታው ጠይቁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ትንሿ ልጃችን በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው የወንድሟን ካልሲ አድርጋ፣ በአያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ነበር። አያቷ ያስተማሯትንና ሽማግሌው ያስተማሯትን እያቀላቀለች፣ እስከ አቃቂ ድረስ «ውኃ፣ ማይ፣ ቢሻን፤ ወደ ኋላ፣ ንድሕሪት፣ ዱባቲ» እያለች ስትደጋግም፣ እኛም ከርሷ ጋራ አብረን ስንማር ቤታችን ደረስን።