እሳት አደጋ መኪናው ጓሳ ቢወጣ

መንዝ ውስጥ ባቄላ የቀቀለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን አልበስል ይላል። እዚያው መንዝ ያለው የጓሳ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 88 ወይም 89 ላይ ይፈላል። ድስቱን የሚያዘገየው ይኸው ስስ አየር እሳት አደጋ መኪናንም ያደክማል።

ቀዩ መኪና ሳይረኑና መብራቱ ሲቀር በጎማ የሚሄድ በርሜልና ፓምፕ ነው። በርሜሉ 5000 ሊትር ቢይዝ ውሃው ብቻውን 50 ኩንታል ይመዝናል። 50 ኩንታል ጤፍ ተጭኖ ከታሰረ ባለበት ይቀመጣል፤ ውሃ ግን ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ይጋልባል፣ መኪናም ይገለብጣል። ስለዚህ የበርሜሉ ሆድ ቀዳዳ ባላቸው ግድግዳዎች ይከፋፈላል። ውሃው በቀዳዳዎቹ ቀስ እያለ ያልፋል እንጂ በአንዴ አይወረወርም። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን ጥምዝምዝ መንገድ የሚያውቅ፣ ይህ ለምን እንዳስፈለገ አይጠፋውም።

ፓምፑ ወንጭፍ ነው ብል አላጋነንኩም። ማሳ የሚጠብቅ ልጅ ድንጋዩን አሽከርክሮ ሲለቀው ድንጋዩ ወደ ውጭ ይፈተለካል። ፓምፑ ውስጥ ያለው ባለ ክንፍ መዘውርም እንዲሁ ውሃውን እያሽከረከረ ወደ ውጭ ይወነጭፈዋል፤ ውሃው ሌላ መውጫ ስለሌለው በቱቦው ተገፍቶ ይሄዳል። ጉልበቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከራሱ ከመኪናው ሞተር ነው። ሹፌሩ ይቆምና ኃይሉን ከእግር ጎማዎቹ ወደ ፓምፑ ያዞረዋል። ጓሳ ላይ ግን ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር በባሕር ወለል ደረጃ ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል።

ውሃው ሲያልቅስ? ጓሳ የምንጮች አገር ነው፤ ከላዩ የሚነሱት ወንዞች ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ታዲያ መኪናው ቱቦውን ምንጭ ውስጥ ነክሮ አይስብም? ይስባል፣ ግን ወሰን አለው። ለስላሳ በስትሮ ስንጠጣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ብርጭቆው ላይ የተጫነው አየር ነው፤ እኛ የምናደርገው ስትሮው ውስጥ ያለውን አየር ማውጣት ብቻ ነው። በባሕር ወለል ደረጃ አየሩ ውሃን 10 ሜትር ያህል ሊገፋ ይችላል። ጓሳ ላይ 7 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሥራ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ መኪናው ወንዙ አፍ ድረስ መጠጋት አለበት። የጓሳ ሸለቆ ወለል ግን ረግረግ ነው፣ ከባድ መኪና ይውጣል።

ሽቅብ መርጨትም ሌላ ዕዳ ነው። ውሃ 10 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ባር ግፊት ይከፍላል። ፓምፑ 10 ባር ቢገፋ፣ ከመንገዱ 100 ሜትር ከፍ ያለ ገደል ላይ ያለ ሰው ቱቦውን ሲከፍት ከአፉ የሚወጣ አያገኝም፤ ግፊቱ ሁሉ በመንገድ ተበልቶ አልቋል።

መኪናው መንገድ ዳር ባለ ቤት ላይ ግን ዋጋው ትልቅ ነው። የመንዝ የድንጋይ ቤት የጓሳ ሣር ክዳኑን እሳት ሲይዘው አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ይገጥማል፤ ክዳኑ የተሠራው ዝናብ እንዲያንሸራትት ነው፣ ስለዚህ ከላይ የሚረጨውን ውሃም ያንሸራትተዋል። እሳቱ ከውስጥ እየጨሰ ይቀጥላል። መፍትሔው ጫፉ ቆልማማ በሆነ ረጅም ዘንግ ክዳኑን እየጎተቱ ማውረድ፣ መሬት ላይ ዘርግቶ ማርጠብ ነው። የቱቦው አፍም ሊስተካከል ይችላል፤ ጠበብ ሲል ውሃው ይርቃል፣ ሲሰፋ ወደ ጠብታ ይበተናል። ጠብታ ቶሎ እንፋሎት ስለሚሆን ይሻላል፤ የፈላ ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ፣ ቀዝቃዛውን እስኪፈላ ለማሞቅ ከሚጠይቀው ወደ 7 እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል። እሳቱን የሚገድለው ይህ ሙቀቱን የመጠጣት አቅም ነው። ጭስ ውስጥ የሚገባው ሠራተኛ ጀርባው ላይ የሚያዝለውን ብዙ ሰው ኦክስጅን ይለዋል፤ እውነቱ ግን ታምቆ የታሸገ ተራ አየር ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ከእሳት ጋር አይቀራረብም።

ዋናው ነገር ግን ጓሳው ራሱ ሲነድ ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሣር፣ አስታና ጅብራ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት አገር። መኪናው ከመንገድ አይወጣም። ሄሊኮፕተርም ቢሆን ስስ አየር ላይ ክንፉ የሚይዘው ስለሚያንስ የሚሸከመው ውሃ ይቀንሳል። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያዎች ከእስራኤል መጥተው ነበር፤ እነሱ እስኪደርሱ እሳቱን ሲታገል የሰነበተው ግን ቅጠል የያዘው የአካባቢው ሰው ነው።

ያ ቅጠል መሣሪያ ነው፣ ሥርዓትም አለው። የአስታ ቅርንጫፍ አይበጅም፤ እርጥቡም ይነዳል። የሚፈለገው ወፍራም እርጥብ ቅጠል ያለው ነው። ከፍ አድርጎ በኃይል መምታት ፍንጣሪ ይበትናል፤ ነበልባሉ ላይ ተጭኖ ወደ ተቃጠለው ወገን መጥረግ ግን አየሩን ይነሣዋል። ጀርባ ላይ የሚታዘል 20 ሊትር የሚይዝ የእጅ ፓምፕ ቢኖር ደግሞ አንዱ ቀድሞ ይረጫል፣ ሌላው ተከትሎ ይመታል። 20 ሊትር 20 ኪሎ ነው፤ ገደል ለሚወጣ ሰው ይህ ከባድ ቢሆንም ከ50 ኩንታሉ በተሻለ ይደርሳል። ለጓሳ ዙሪያ ቀበሌዎች ከአንድ ትልቅ መኪና በፊት እነዚህ ፓምፖችና አካፋዎች ቢቀመጡላቸው እመርጣለሁ።

ሽቅብ የሚሄድ እሳት ፊት አይቆምም። ነበልባሉ ወደ ዳገቱ ያዘነብልና ያልነደደውን ሣር አስቀድሞ ያደርቀዋል፤ እየሮጠ ይወጣል። ሰው ከጎኑ፣ ጥቁሩን መሬት ረግጦ ይዋጋዋል። ሌሊትና ማለዳ ነፋሱ ሲረጋ፣ ጤዛም ሲወርድ፣ እሳቱ ይሰክናል። ብርዱ አጥንት ቢሰብርም ሥራው ያኔ ይቀላል።

የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን በራሱ ሕግ ለዓመታት ይዘጋ፣ ከዚያ ለአጨዳ ይከፍት ነበር። ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ያጭዳል። ይህ አጨዳ እሳትንም ሳያዳክም አልቀረም ብዬ አምናለሁ፤ ታጭዶ የተወሰደ ሣር አይነድምና። የጓሳ ሣር በጉብታ በጉብታ ይበቅላል፤ የዓመታት ደረቅ ቅጠል ሥሩ ሥር ይከማቻል፣ ጉዳዩም ያለው እዚያ ነው። ነበልባሉ ጠፋ ተብሎ ሰው ወደ ቤቱ ሲበተን፣ ጉብታው ውስጥ ያለው ፍም ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የእጁን ጀርባ ከጉብታ ወደ ጉብታ እያስጠጋ ሙቀት ይፈልጋል፣ ያገኘውን በአካፋ ይገለብጣል፣ ከረግረጉ በጀሪካን ያመጣውን ውሃ ያፈስበታል፣ ወደሚቀጥለውም ያልፋል።