ለድኃ እናት የወሊድ ዕረፍት የሚሰጣት ማን ነው?

ሀብት ያላት ሴት በፀነሰች ጊዜ ሠራተኛ ታዝዛለች፣ ሐኪምም ታስጠራለች፤ ድኃይቱ ግን ምጥ እስኪይዛት ድረስ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨትም ትሸከማለች።

በደመወዝ ለምትሠራው ሴት ሕግ ተሠርቶላታል። በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደችም በኋላ 90 ቀን ደመወዟ ሳይጓደል እንድታርፍ ያዝዛል። በባሌ ደጋ በሪራ የምትኖር ድኃ ሴት ግን አሠሪዋ ምድጃዋና ማጀቷ ስለሆነ የዕረፍት ደብዳቤ የሚጽፍላት የለም።

ሪራ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ፣ የሰነቲ አምባ ወደ ሐረና ደን በሚያዘቀዝቅበት በኩል ያለች መንደር ናት። ከዚያ ወደ ጎባ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን፣ ብርዱና ነፋሱ የጸናውን ሰነቲን መሻገር ግድ ይሆንበታል። ምጥ በሌሊት የጠናባት ሴት በዚህ መንገድ ምን ያህል እንደምትጨነቅ አንባቢ ራሱ ይገምት።

የእናቶችን ሞት የመረመሩ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 እንደ ጻፉት፣ እናትን ለሞት የሚያደርሷት መዘግየቶች ሦስት ናቸው፤ አንደኛው በቤት ውስጥ ለመቍረጥ መዘግየት፣ ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት፣ ሦስተኛውም ሐኪም ቤት ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት ነው።

ለመንገዱ የተገኘው መድኃኒት የእናቶች ማቆያ ቤት ነው። እንዲህ ያለው ቤት በአገራችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል ተጀምሮ፣ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይገኛል። ነፍሰ ጡሪቱ ወሯ ሲገባ አስቀድማ ሄዳ በዚያ ትቀመጣለች፤ ምጥ ሲይዛትም አዋላጂቱ በአጠገቧ ናት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ማዋለድ ያለ ክፍያ ነው። በሴፍቲኔት የታቀፈች ድኃ ሴትም ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ስትሆን ከጕልበት ሥራው ወጥታ ድጋፉን እንድታገኝ ሥርዓት ተደርጓል። ይህን ሁሉ የሚያስረዷት በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። በአገራችን የተደረገው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ100000 ሕያው ልደት የሚሞቱት እናቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 871 ሲሆኑ፣ በ2016 412 ሆነዋል። ቍጥሩ ቢቀንስም ገና እጅግ ብዙ ነው።

ታዲያ ቤቱ ተከፍቶ፣ ክፍያውም ቀርቶ ሳለ ሴቲቱ ስለ ምን ትቀራለች? ሕፃናቱን የሚያበላላት፣ ላሚቱን የሚያልብላት ስታጣ ነው። ሐኪሙ ይህን ሊያደርግላት አይችልም፤ ባልና ጎረቤት ግን ይችላሉ።

አራስን መጠየቅ ለአገራችን ሰው የቆየ ልማድ ነው። በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ በአምስተኛው ቀን ሸነን የሚባል ሥርዓት አለ፤ ሴቶች ተሰብስበው በቅቤ የራሰ ገንፎ ይበላሉ፣ አራሲቱንም ይመርቃሉ። ይህ ደግነት እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን የሚመጣው ከወለደች በኋላ ነው። እኛም የምንለምነው ጥቂት ሳምንት ቀድሞ እንዲጀመር ነው። አንዲቱ ጎረቤት ልጆቹን ትያዝ፣ ሌላይቱ ውሃውን ትቅዳ፣ ባልም የመኪናውን ዋጋና የማቆያውን ስንቅ አስቀድሞ ያዘጋጅ። ሕግ ያልደረሰላትን እናት በዕረፍት የሚያሰናብቷት እነዚህ ናቸውና፣ ገንፎውን በደስታ ለመብላት እናቲቱ በሕይወት መኖር እንዳለባት እንዳይረሱ እናሳስባለን።