ሲስተር በሌለበት ትምህርት ቤት

እ.ኤ.አ. በ1902 የኒውዮርክ ሐኪሞች በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ የልጆችን ዓይንና ራስ ይመረምሩ ነበር። ትራኮማ፣ ጭርት፣ እከክ ወይም ቅማል የተገኘበት ልጅ ወረቀት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይመለሳል። እናት ወረቀቱን ማንበብ አትችልም፤ ብትችልም ማሳከሚያ የላትም። ልጁ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ይውልና ማታ ከክፍል ከሚወጡት ጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። በሽታውም አይቆምም፣ ትምህርቱም ይቀራል። በዚያው ዓመት ሊሊያን ዋልድ የተባለች ነርስ ባልደረባዋን ሊና ሮጀርስን በአራት ትምህርት ቤቶች እንድትሠራ መደበቻት። ሮጀርስ ቀላሉን እዚያው አክማ ልጁን ወደ ክፍሉ ትመልሳለች፤ ጠና ያለውን ቤቱ ድረስ ተከትላ ለእናቱ በምን እንደምታጥበው ታሳያታለች። ሥራው በሌሎች ነርሶች ተስፋፍቶ፣ በአንድ ወር ከ10 ሺህ በላይ የነበረው የተባረሩ ልጆች ቁጥር ከዓመት በኋላ ወደ 1 ሺህ ገደማ ወረደ። የትምህርት ቤት ነርስነት በአሜሪካ ሥር የሰደደው እንዲህ ነው።

ያ የበሽታ ዝርዝር በእኛው አማራ ክልል ላለችው ለእንፍራንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። ክልሉ በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ልጅን ወዲያው አያሳውርም፤ በልጅነት ደጋግሞ ይይዝና ዓመታት ቆይቶ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ያዞራል። እናቶች አንገታቸው ላይ ከመስቀሉ ጋር ወረንጦ የሚያንጠለጥሉት ለእሾህ ብቻ አይደለም። ከማክሰኝት ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው እንፍራንዝ ለጣና ቅርብ ስለሆነች ቢልሃርዝያና ወባም አሉባት። ወባ ደግሞ የምትበረታው ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት በሚጀመርበት ሰሞን ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን የነርስ መደብ የተለመደ አይደለም። ነርስና የመጀመሪያ ዕርዳታ ክፍል የሚገኙት በአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ ጠቀም ያለ ክፍያ በሚጠይቁ የግል ትምህርት ቤቶች ነው። በሌላው ቦታ ሥራው ተከፋፍሏል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ያሰማራቸው ሴቶች ከቤት ለቤት ሥራቸው ላይ ትምህርት ቤቱንም ደርበው ይይዛሉ። ትኩሳት የያዘው ተማሪ ጤና ኬላ ቢሄድ ጣቱን ተወግቶ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወባ ይኑርበት አይኑርበት ይታወቃል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ለልጃገረዶች የሚሰጠውም በዋናነት በትምህርት ቤት ነው።

ሥራው ደምቆ የሚታየው ግን የትል መድኃኒት በሚታደልበት ቀን ነው። አገር አቀፉ ዘመቻ በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ለቢልሃርዝያው መድኃኒት ሚዛን አያስፈልግም፤ ተማሪዎች ተራ በተራ ምልክት የተሠመረበት ዘንግ ሥር ይቆማሉ፣ የፍሬውን ብዛት የሚወስነው ቁመት ነው። መድኃኒቱ፣ ፕራዚኳንቴል፣ ትልቅና መራራ ፍሬ ነው፤ በባዶ ሆድ ሲዋጥ ያጥወለውላል። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ «ቁርስ በልተሃል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህች ጥያቄ በሌላውም ቀን ብትጠየቅ ብዙ ነገር ታወጣ ነበር። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ሰነፍ ሲባል ይከርማል፤ ቁርስ ያልቀመሰ ወይም የመንጠቆ ትል ደሙን የጨረሰው ሊሆን እንደሚችል የሚያስብለት ሰው ያስፈልጋል። ከሰሌዳ የሚገለብጠውን ሁሉ የሚሳሳተውም እንደዚያው ነው። በስድስት ሜትር ርቀት ላይ አቅጣጫቸው የሚለዋወጥ ምልክቶች ያሉበት ሰንጠረዥ ሰቅሎ ዓይኑን መለካት አጭር ሥልጠና ያገኘ መምህር የሚችለው ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ የፊት ወንበር፣ ወይም መነጽር፣ ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና።

ዘመቻ መልካም ነው፤ ነገር ግን የዘመቻው ዕለት የቀረ ልጅ ያመልጠዋል። በብዛት የሚቀረው ደግሞ ሕመምተኛው ነው። ባለፉት ዓመታት በክልሉ እንደታየው ግጭት ትምህርት ቤት ሲያዘጋ በትምህርት ቤት በኩል የሚሰጠው ሁሉ አብሮ ይቆማል። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን መውቀስ አይገባም፤ አንድ ቀበሌ ሙሉ ተሸክማለች።

የሚገርመው፣ ይህን ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ማሠልጠን ለጎንደር አዲስ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ውስጥ ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከፈጀ በኋላ በ1954 የተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ኮሚኒቲ ነርሷ በሽተኛ እስኪመጣላት አትጠብቅም፣ ሰው ወዳለበት ትሄድ ነበር።

ለየትምህርት ቤቱ አንድ ነርስ ይቀጠር ማለት ዛሬ የማይሆን ምኞት ይመስለኛል። ከጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ብትመደብስ? መጀመሪያ የሚያስፈልጋት መድኃኒት ሳይሆን የየክፍሉ የስም መጥሪያ ነው። ጥቅምት ላይ ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረው ማን ነው? በየወሩ በተመሳሳይ ሰሞን የምትጠፋው ልጅ የወር አበባዋን የምትቆይበት ክፍልና ውኃ አጥታ ይሆን? ስሞቹን ጽፋ ትይዝና ከሰዓት በኋላ ወደየቤታቸው ትሄዳለች።