አሥራ ሁለቱ ተባረሩ፤ አራት መቶው ወጡ

ሆስፒታል በሐኪም ብቻ አይቆምም። ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ በሽተኛ ይዞ የሄደ ሰው ይህን ያውቃል። ሐኪሙ አይቶ፣ መድኃኒት አዝዞ ይሄዳል። አንሶላ የሚያጥበው፣ ወለል የሚወለውለው፣ ምግብ የሚያበስለው፣ አልጋ የያዘውን የሚያገላብጠው ግን ሌላ ሠራተኛ ነው። ዛሬ የምናነበው እንዲህ ያለ ሥራ ስለሠራች ሴት ነው። ስሟ ሜሪ ሞልትሪ ይባላል። አገሯ አሜሪካ፣ ከተማዋ ቻርልስተን ነው።

ሜሪ ጥቁር ናት። በወጣትነቷ ኒውዮርክ ሄዳ በነርስነት ሠርታለች። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመለሰች። የቻርልስተኑ ሆስፒታል ግን የሙያ ፈቃዷን አልተቀበለም። ዝቅ አድርጎ በነርስ ረዳትነት ቀጠራት።

ጥቁሮቹ ረዳቶች በሰዓት 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ያገኙ ነበር። የአገሪቱ ዝቅተኛ ክፍያ ግን 1 ዶላር ከ60 ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ አምስት ረዳቶች ስለ በሽተኞቻቸው የተጻፈውን እንዳያዩ ተከለከሉ። የሰውየውን ሕመም ሳያውቁ እንዴት ያስታምሙ? ሥራውን ጥለው ወጡ፤ ተባረሩም። ብዙ ሰው ስለተከራከረላቸው በኋላ ተመለሱ።

ሜሪና ጓደኞቿ ከዚህ ተማሩ። በየሳምንቱ መሰብሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፤ አንዷ ሌላዋን እየጠራች በዙ። የኒውዮርክ የሆስፒታል ሠራተኞች ማኅበር እንዲረዳቸው ጠየቁ። ሜሪን መሪያቸው አድርገው መረጡ።

መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሆስፒታሉ ሜሪን ጨምሮ 12 ሠራተኞችን አባረረ። ነገሩ በዚህ ያበቃ የመሰለው ተሳሳተ። ከ400 በላይ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ደመወዝ የለም፤ ቤት ውስጥ ግን ልጅ ይርበዋል። የታጠቀ ወታደር ከተማዋን ሞላ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተገደለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ባለቤት፣ ኮሬታ ኪንግ፣ መጥታ አብራቸው ተሰለፈች።

መቶ ቀን ያህል ጸኑ። ሰኔ ላይ ስምምነት ተደረገ። አሥራ ሁለቱ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ክፍያውም 1 ዶላር ከ60 ገባ። ሁሉን ግን አላገኙም። ሆስፒታሉ ማኅበራቸውን በሕግ አላወቀላቸውም። ማኅበሩም እየተዳከመ ሄደ። ሜሪ ግን አልተወችም፤ ካረጀች በኋላም የከተማው ቆሻሻ አንሺዎች ሲደራጁ ከጎናቸው ቆማለች። በ2007 ዓ.ም. ዐረፈች።

ሌላም ነገር እንንገራችሁ። ከቻርልስተን አጠገብ ጆንስ የምትባል ደሴት አለች። በ1949 ዓ.ም. በዚያ የጎልማሶች የማታ ትምህርት ተከፈተ። ያን ጊዜ ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይመርጥ ሕጉ ይከለክል ነበር። ገበሬዎቹ እንደ እናንተ ከሥራ መልስ ፊደል ቆጠሩ፤ ከዚያም ለምርጫ ተመዘገቡ።

በአገራችንስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሚለው፣ በግል ሆስፒታል የሚሠሩ ቢያንስ 10 ሰዎች ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ነገር ግን በሽተኛ እንዳይጎዳ ሲባል ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ማቆም አይፈቀድም። የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኛ ደግሞ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ወይም እኅታችሁ ተቀጥራ ከሆነ፣ የቅጥር ውሏን አብራችሁ አንብቡ። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ።

ዕድር የሚያውቅ ሰው የማኅበርን ነገር ማስረዳት አያስፈልገውም። አንዱ ብቻውን ሬሳ አይሸከምም፤ አንዷም ብቻዋን ደመወዝ አታስጨምርም።

አዲስ ቃላት
አዋጅ፦ መንግሥት የሚያወጣው ሕግ
የቅጥር ውል፦ ሠሪና አሠሪ የሚፈራረሙት ወረቀት

እንወያይ
1. አምስቱ ረዳቶች ምን ተከለከሉ? ለምን ጎዳቸው?
2. ሠራተኞቹ ምን አገኙ? ምን ቀረባቸው?
3. በቀበሌያችሁ ተባብራችሁ ያገኛችሁት ነገር ምንድን ነው? በሦስት መስመር ጻፉ።