ቶሎ የሚገነፍል ልጅና ነገረኛ ጓደኞቹ

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ወይም በሾኔ፣ ልጇ የወላጅ መጥሪያ ይዞ የመጣባት እናት ወረቀቱ ምን እንደሚል ሳትከፍተው ታውቀዋለች። ልጁ ጓደኛውን መትቷል፤ ነገ እንድትቀርብ ተጠርታለች። ከመምታቱ በፊት ምን እንደተባለ ግን አይጻፍም።

ነገሩ የሚጀመረው ከኋላ ወንበር ነው። አንዱ እርሳስ ይነጥቃል፤ ወይም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ አባቶች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ በመሄዳቸው፣ አንዳንዱን ልጅ ለማስቆጣት «አባትህ ረስቶሃል» ማለት ብቻ ይበቃል። ሌላው ልጅ አኩርፎ ያልፈዋል። ራሱን መግታት የሚያስቸግረው ግን ይወረውራል፣ ይማታል። መምህሩ ከሰሌዳው ዞር ሲሉ የሚያዩት እሱን ብቻ ነው። ስድቡ በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ ሆኖ መምህሩ ከሌላ አካባቢ የመጡ ከሆነ ደግሞ ቢሰሙትም ላይገባቸው ይችላል። ክፍሉ ይስቃል፤ ነገረኞቹም ለነገ የሚደገም ትርኢት ያገኛሉ።

ይህ ልጅ ቅጣት ያነሰው ባለጌ ነውን? የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ባወጡት ጥናት፣ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ያለባቸውን ልጆች አንጎል በምስል ተከታትለዋል። የአንጎል የላይኛው ሽፋን ግማሽ ያህሉ በሌሎች ልጆች ሙሉ ውፍረቱን የሚያገኘው በ7 ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በእነዚህ ልጆች ግን በ10 ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። መዘግየቱ ይበልጥ የጎላውም ድርጊትን በሚገታው በፊተኛው የአንጎል ክፍል ነው። ቁጡ ልጅ ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ያለበትን ግን በአለንጋ ማፋጠን አይቻልም፤ እንዲያውም የተናደደ ሰው እንደሚማታ ከእኛው ይማራል። በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትንማ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከልክሎታል።

«ታገሥ» የሚለው ምክርም ብቻውን አይረዳውም፤ ልጁ በተቆጣበት ሰዓት ምክሩ ትዝ አይለውም። የሚረዳው እጁና እግሩ የለመዱት ነገር ነው። ስለዚህ ማታ ቡና ሲፈላ፣ ሁሉም ረጋ ባለበት ሰዓት፣ እንደ ጨዋታ ይለማመድ። እናት ወይም ታላቅ ወንድም ነገረኛውን ሆኖ ያናግረው፤ መጀመሪያ በቀላል ነገር፣ ቀስ በቀስ በሚያመው ቃል። እሱ «ሰምቻለሁ» ብሎ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ መሄድን ይልመድ። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በየቀኑ መሆን ግን አለበት። ሲሳካለት ምስጋናው እዚያው ይድረሰው። ለሰኔ ቃል የተገባ ጫማ ለእንዲህ ያለ ልጅ እጅግ ሩቅ ነው።

አባትየው ከጆሃንስበርግ ሲደውልም መጀመሪያ የሚሰማው የጠቡ ወሬ ባይሆን ይመረጣል። ልጁ ዛሬ ስንቴ ራሱን እንደገታ ይነገረው። የአባቱን ድምፅ በተግሣጽ ብቻ የሚያውቅ ልጅ «ረስቶሃል» ሲሉት ምን ብሎ ይመልስ?

ትምህርት ቤት ሲቀርቡ ጉዳዩን በይቅርታ ብቻ አይዝጉት። ከመምታቱ በፊት ምን ተባለ? ማን አለ? በየትኛው ሰዓት? ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ልጅዎ መምታቱን አይካዱ፤ የተመታውም ልጅ እናት አለችው። ነገር ግን ቀድሞ የነካው እንዲጠየቅ፣ ልጁ ፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጥ፣ ሲገነፍል መምህሩ ጠረጴዛውን መታ አድርገው የሚያስታውሱት ምልክት እንዲኖር ይስማሙ። ሰባና ሰማንያ ልጅ ለሚያስተምር መምህር ይህ ጊዜ የሚወስድ አይደለም። ካልተሰማዎት የወላጅ መምህር ኅብረት አለ።

ውጤቱን በቀን አይለኩት። በሳምንት አምስት ጊዜ ይጣላ የነበረው ሦስት ጊዜ ከተጣላ ልምምዱ እየሠራ ነው። ከወራት በኋላም ካልቀነሰ፣ በቤትም በሰፈርም እንደዚያው ከሆነ፣ በሆሳዕና ወደሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሲሄዱ ጠቡ የተነሣበትን ቀን፣ ሰዓትና የተባለውን ቃል የጻፉበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ።